የሚዘፍን በር፤ የጎንደር ስድስት ቀን

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር። የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ ደጀን ላይ ሻይ መጠጣት፣ ባሕር ዳር ማደር። ግን የመንገዱን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እናቴም «በመኪና ከሄድክ አትደውልልኝ» ብላ ወሬውን ዘጋችው። ስለዚህ አዘዞ ወርጄ በሚኒባስ ሽቅብ ወደ ከተማ።

ዘንድሮ የመጣሁት ለፋሲል ግንብ አይደለም። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ቀራፂ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ «ኢንተርኔት ላይ አርቲስት ብለህ ከጻፍክብኝ ሰፈሩ በር ማሠራት ይተወኛል» ብሎ አስምሎኛል። አዲስ አበባ አብረን ተማርን። እኔ የቤት ዕቃ ዲዛይን ውስጥ ቀረሁ፤ እሱ አገሩ ገብቶ ብየዳ ቤት ከፈተ። እንጀራው የግቢ በር ነው፤ ባለ አንበሳ፣ ባለ ፀሐይ፣ ባለ ወይን ዘለላ፣ ሰው ያዘዘውን ሁሉ። ሲመሽ ደግሞ ድምፅ ያለው ቅርፃ ቅርፅ ይሠራል። ድምፅ ያለው ስላችሁ ስፒከር የተገጠመለት እንዳይመስላችሁ። ሲነኩት የሚጮህ፣ ነፋስ ሲያገኘው የሚያጉረመርም ብረት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደወለና «አንድ በር ይዣለሁ፤ ዝፈን ብለው እምቢ ብሎኛል፤ ና» አለኝ። እንዲህ ተብሎ ማን ይቀራል?

ብየዳ ቤቱ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከላይ አንበሳ አለው። ከወገቡ በታች፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ አምስት የብረት ዘንጎች ተደርድረዋል። እንኳን ደህና መጣህ እንኳ ሳይለኝ ዱላ አቀበለኝ።

«ልጅ ሆነህ የሰው አጥር ላይ ዱላ እየጎተትክ ሮጠህ አታውቅም?»

ማን ያልሮጠ አለ። ቆርቆሮው ትርርርር ሲል፣ ውስጥ ያለው ውሻ ሲያብድ፣ ባለቤቲቱ እየተራገሙ ሲወጡ፣ እኛ ጥግ ታጥፈን ስንሰወር። የሱም ሐሳብ ይኸው ነው፤ ልጆች ዱላ ጎትተው ሲያልፉ በሩ እንደ ክራር የትዝታን አምስት ድምፆች እንዲያሰማ። ቀላል ይመስላል። ዱላውን ጎተትኩት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እንጨት የመታሁ ነው የመሰለኝ።

«አየህ?» አለኝ። አየሁ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ብየዳ ቤት። ጎንደር ፒያሳን ያየ ሰው የጣልያንን አምስት ዓመት በሕንፃዎቹ ያስታውሳል። እኔን ግን ሁሌ የሚያስቀኝ የብረት ሠራተኞቻችን ቋንቋ ነው። ሞርሳ፣ ፌሮ፣ ቶንዲኖ፣ ባሌስትራ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1941 ወጣ፤ ቃላቱ ግን መዶሻና ግራይንደር መሀል ተደላድለው ቀሩ። ለማያውቅ፣ ቶንዲኖ ክብ የብረት ዘንግ ነው፤ ባሌስትራ ደግሞ የመኪና እግር ሥር ያለው የተደራረበ ዝርግ ብረት ነው። ጓደኛዬ ከሱ የሠራው አንድ ወንበር አለ። ስትቀመጥበት ወገብህን እሺ ይላል፣ ስትነሣ ደግሞ ዥ... የሚል ረጅም ድምፅ ይተውልሃል። ቅርፃ ቅርፅ ነው? ወንበር ነው? የሙዚቃ መሣሪያ ነው? ጠየቅኩት። «ሲሸጥ ወንበር ነው» አለኝ።

ማታ ስለ ሃሪ ቤርቶያ አወራን። ለማታውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ጣልያን ተወልዶ በ1930 አሜሪካ የገባ ቀራፂ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኖል ለሚባል የቤት ዕቃ ኩባንያ ከሽቦ ወንበር ነደፈ፤ «ዳይመንድ» የሚባለው ወንበር፣ ዛሬም ይመረታል። በወንበሩ ያገኘው ገንዘብ ነፃ አወጣውና ወደ ቅርፃ ቅርፁ ዞረ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ እንደ ስንዴ ቡቃያ ቀጥ ብለው የቆሙ የብረት ዘንጎች ይሠራ ነበር። በእጅ ስትዳብሳቸው እርስ በርስ እየተላተሙ ይዘምራሉ። «ሶናምቢየንት» አላቸው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ አሮጌ የገበሬ ጎተራ በነዚህ ሞልቶ፣ ሌሊት እየገባ ድምፃቸውን ይቀርፅ ነበር፤ በ1978 እስኪሞት 11 ሸክላ የሚሆን ድምፅ አዘጋጅቷል። ጓደኛዬ ይኼን ታሪክ ሲሰማ እንደ ዘመዱ ታሪክ ነው የሚሰማው። ወንበር ሠርቶ ድምፅ የገዛ ሰው!

«ታዲያ የሱ ለምን ይዘፍናል፣ የኔ ለምን ይሞታል?»

ቪዲዮውን ደጋግመን አየነው። ቤርቶያ ዘንጎቹን የሚያስራቸው ከሥር ብቻ ነው። ላይኛው ጫፍ ልቅ ነው፤ እንደፈለገ ይወዛወዛል። የኛ በር ግን ላይም ታችም ተበይዷል። ዱላው የሰጠውን ጉልበት ሁሉ ከባዱ የበሩ ቋሚ ይውጠዋል። ብረቱ አፉን ታፍኖ «ጩህ» እንደተባለ ሰው ነው። ይህን ያህል ገባን። ግን በር ነው እኮ። የበር ዘንግ ላዩ ልቅ ሆኖ ቢቆም ልጅ ዓይኑን ይወጋበታል።

ከመተኛታችን በፊት እኔ አንድ ጥፋት ሠራሁ። ክራር የምነካካ ስለሆንኩ «ክር በግማሽ ሲያጥር ድምፁ እጥፍ ይፈጥናል፣ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፣ ብረቱንም እንደዚያው አስላው» አልኩት በሙሉ ልብ። አመነኝ፤ ለሙከራ ጥሩውን ቶንዲኖ ለሁለት ቆረጠው። የወጣው ድምፅ ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ! ለካ የብረት ዘንግ ሕግ ሌላ ነው፤ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ድምፁ አራት እጥፍ ይፈጥናል። አንድ ኦክታቭ ብቻ ለመውጣት ከመቶ 71 እጅ ያህሉን ማስቀረት በቂ ነበር። የብረት ዋጋ በዚህ ዘመን ምን እንደሆነ የምታውቁ ዝምታችንን ትረዱታላችሁ።

ቅዳሜ

ብረቱን ስላበላሸሁበት ከብየዳ ቤት ተባረርኩ ማለት ይቻላል። «ሂድ ከተማ እይ» አለኝ። ወደ ፋሲል ግቢ ሄድኩ።

ስለ ግንቡ ብዙ አልጽፍም፤ ያልተጻፈ ነገር የለም። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጉ፣ ግቢው በ1979 በዩኔስኮ ተመዘገበ፣ ኅዳር ላይ ሣሩ ገና አልደረቀም። እኔ የፈለግኩት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የአፄ ዳዊት አዳራሽ፣ የዘፈን ቤት የሚሉት። ዳዊት የነገሡት ከ1716 እስከ 1721 ነው፤ አምስት ዓመት። በአምስት ዓመት ሰው ለሙዚቃ ብሎ የድንጋይ ቤት ያሠራል? ሌላው ንጉሥ ለራሱ መኖሪያ ግንብ ሲሠራ፣ እኚህ ለድምፅ መኖሪያ ሠሩለት። ዛሬ ባዶ ግንብ ነው። ማንም አለመኖሩን አይቼ አንዴ አጨበጨብኩ። ከዚያ ትንሽ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጮክ አልኩ። አንድ ጥበቃ ብቅ ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም። እንዲህ የሚያደርገው የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም መሰለኝ።

የፋሲል መዋኛን ቆሜ አይቼ አለፍኩ። ውኃ የለውም፤ ጥምቀት ሲመጣ ይሞላል።

ማታ ጓደኛዬ ቂሙን ረስቶ አዝማሪ ቤት ወሰደኝ። ማሲንቆን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አንድ የፈረስ ጭራ፣ አንድ እንጨት፣ ቆዳ የለበሰ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን። እንደ ዲዛይነር ስፈርደው የሚቀነስለት ነገር የለም። አዝማሪው ስለኛ ከጓደኛዬ ትንሽ ጨዋታ ሰምቶ ኖሮ፣ መጥቶ ፊቴ ቆመ፦

የብረቱ ጌታ በሩን አስዘፈነው፣
እንግዳው ግን ኪሱን ለምን አፈነው?

ቤቱ በሳቅ ሞተ። በሩ ገና አልዘፈነም እኮ ልለው አሰብኩና ተውኩት፤ ኪሴን ፈታሁት። ወደ ቤት ስንመለስ ግን «አፈነው» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ትናንት ማታ እኛ ያልነውን ነው የነገረን።

እሑድ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። ጎንደር በዓታ ለማኅሌት። ጎንደር በዓታ ለአቋቋም፣ ለማኅሌቱ ዜማና ሽብሸባ ትምህርት፣ ምን እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ያውቃል፤ ከየአገሩ ተማሪ አቋቋም ለመማር የሚመጣበት ደብር ነው። እኔ ብዙ ማኅሌት አይቻለሁ፤ በዲዛይን ዓይን ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ይቅር ይበለኝ።

ከበሮውን እዩት። አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፤ አንዱ ወፍራም ድምፅ፣ ሌላው ቀጭን። ዙሪያውን የተጠላለፈው ጠፍር ቆዳውን ወጥሮ ይይዛል፤ በምሥጢሩ ደግሞ የጌታ የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው። አንዱ ጠፍር ሁለት ሥራ፤ ይወጥራል፣ ያስተምራል። መቋሚያውም እንደዚያው፤ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ይደገፍበታል፣ መሬት ሲነካ ደግሞ ምት ይጠብቃል። እኛ ትምህርት ቤት «ቅርፅና አገልግሎት» እያሉ ሲያደክሙን የከረሙት ነገር እዚህ ቆሞ ያሸበሽባል።

ጽናጽሉ ጋ ስደርስ ግን ጓደኛዬን በክርኔ ነካሁት። የጽናጽል ቅጠሎች ሽቦው ላይ የተሰኩ እንጂ የተጣበቁ አይደሉም። ቀዳዳቸው ከሽቦው ይሰፋል። ልቅ ስለሆኑ ነው ሽል ሽል የሚሉት። ብትበይዳቸው ዝም ነው የሚሉት። እሱም አስቀድሞ እያየው ኖሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ማኅሌት ላይ ስለሆንን ዝም ተባባልን።

ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ የቆሙ አንድ መሪጌታ አገኘን። ጓደኛዬ ያውቃቸዋል። የመጣንበትን ሲነግራቸው ፈገግ አሉ።

«የኔታ፣ ብረት ለምን ይታፈናል?» አላቸው።

«የጣናን የድንጋይ ደወል አላየህም ልጄ? ድንጋይ እንኳ ሲንጠለጠል ይናገራል።»

እውነታቸውን ነው። ጣና ገዳማት ውስጥ ረዣዥም ጠፍጣፋ ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለው፣ በጠጠር ሲመቱ እንደ ብረት ያቃጭላሉ። እኔም ከዓመታት በፊት መትቼ ተደንቄ፣ ፎቶ ተነሥቼ ሄጃለሁ። በምን እንደተንጠለጠሉና የት ላይ እንደታሰሩ ማየት አልመጣልኝም።

ሰኞ

ወለቃ። ከከተማው በሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ፣ በባጃጅ ትንሽ ነው። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር፤ እነሱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሸክላው ግን መንደሩን አልለቀቀም። ከመንገዱ ዳር ጀበና፣ ጥቁር አንበሳ፣ ትናንሽ ሰዎች ተደርድረው ይሸጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ በአገራችን ስንት ስድብ ጠጥተዋል። «ቡዳ»፣ «ጠይብ»። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። የጓደኛዬ አጎት ደግሞ በኛው ዘመን፣ ጓደኛዬ ዲግሪ ይዞ መጥቶ ብረት ሲቀጠቅጥ ባየ ጊዜ ሦስት ወር ቤቱን አልረገጠም። ሥዕል ቢሥል ኖሮ ግን ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅልለት ነበር። ይኼ ያናድደኛል፤ የምንኮራበት ግንብ ሁሉ በማን እጅ ተሠራ?

ወደ ነገሬ። አንዲት ጠና ያሉ ሸክላ ሠሪ ጀበና ሊሸጡልኝ ነው። ከመጠቅለላቸው በፊት እጀታውን በሁለት ጣታቸው ብቻ አንጠልጥለው በጥፍራቸው ኳ አደረጉት። ድንግ አለ።

«ደህና ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«አልተሰነጠቀማ። የተሰነጠቀ ጧ ነው የሚለው፤ እንካ ስማ።» ከጓሮ አንድ ውዳቂ አመጡና ኳ አደረጉት። ጧ አለ። ስንጥቁን በዓይኔ ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም፤ ጆሮ ግን ወዲያው አገኘው።

ጓደኛዬ ደህናውን ጀበና ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀምጦ መታው። ድምፁ አጠረ። አንጠልጥሎ መታው። ድንግ። እንደገና መሬት፣ እንደገና በጣቱ። ሴትዮዋ «አንተ ልጅ፣ ትሰብረዋለህ!» ሲሉ ነው የነቃው። ጀበናውን ሁለታችንም ሳንከራከር በጠሩት ዋጋ ገዛን።

ብየዳ ቤት ስንደርስ ልብሱን ሳይቀይር አንድ 60 ሳንቲ ሜትር ቶንዲኖ አነሣ። ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ በመዶሻ እጀታ መታው፤ ጠቅ። ጣቱን ትንሽ ወደ መሀል አሸሸው፤ ትንሽ ተናገረ። እንደገና አሸሸው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብረቱ ድ...ን...ን... ብሎ ዘፈነ፣ ዘፈነ፣ እኛ ትንፋሻችንን ይዘን እስኪጠፋ ጠበቅነው። ትንሽ አለፍ ሲያደርገው እንደገና ሞተ። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርገን ለካነው፤ ከጫፉ 13 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። ከሌላኛው ጫፍም እንደዚያው።

ያኔ ነው ፊዚክስ መጽሐፍ የከፈትነው። ሁለት ጫፉ ልቅ የሆነ ዘንግ ሲመታ መሀሉና ጫፎቹ ይወዛወዛሉ፤ ሁለት ነጥቦች ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። ከእያንዳንዱ ጫፍ ከርዝመቱ 22.4 በመቶ ላይ። የ60 ሳንቲ ሜትር ዘንግ 13.4 መሆኑ ነው። ብረቱን እዚያ ላይ ከያዝከው መያዝህን አያውቅም። ቁጥሩን ከማየታችን በፊት በጣቱ ስላገኘው እንዴት እንደኮራ! እኔም ለዓርቡ ኪሳራ ካሣ የሚሆን ስሌት አቀረብኩ፤ አንድ ዓይነት ውፍረት ባለው ብረት የትዝታ አምስት ድምፆች እንዲወጡ ርዝመቶቹ 60፣ 56.6፣ 53.7፣ 49 እና 46.5 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ አልኩ። በጥርጣሬ አየኝ። አንዱን ብቻ ቆርጦ ሞከረ። ልክ ሆነ። ቀሪውን ቆረጠ።

ስንበሳ መብራት ሄደ። ድሪሉ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ቀረ። በገዛነው ጀበና ቡና አፍልተን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ጠበቅን፤ ሲመጣ ጎረቤት እንዳይቀሰቀስ ለነገ ይደር ተባለ። ጀበናው አያፈስም፤ ጥሩ ጀበና ነው።

ማክሰኞ

አውሮፕላኔ ከሰዓት ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረን በሳን። አሮጌዎቹን ብየዳዎች በግራይንደር አነሣ። ዘንጎቹን በቀዳዳቸው ጠፍር አሳልፎ ከበሩ ቋሚዎች መሀል ሰቀላቸው፤ ላይኛው ጠፍር ይሸከማል፣ ታችኛው እንዳይወናጨፉ ብቻ ይይዛል። አንዱ ጠፍር ረዘም ብሎ ዘንጉን ስለነካው ዝዝዝ የሚል ድምፅ ጨመረ። «ቁረጠው» አልኩት። «ተው እንጂ፣ በገና የሚያምረው በምኑ ሆነና?» አለኝ። እውነት ነው፤ የበገና ክር ሥር የሚገባው እንዝራ፣ ያ ትንሽ ቆዳ፣ ሥራው ይኸው ማንዘር ነው። ተከራክረን በመጨረሻ ቆረጠው። አሁን ሳስበው ባይቆርጠው ይሻል ነበር።

በሩን በጋሪ ጭነን ወደ ባለቤቷ ወሰድነው። እማማ ደጃቸው ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ይጠብቁናል። ያዘዙት ባለ አንበሳ በር ነው፤ አንበሳው አለ፣ ግን የተንጠለጠሉትን ብረቶች ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው? አልጨረስከውም እንዴ?»

«ጨርሼዋለሁ እማማ። እንዲህ ነው።»

«ሲወዛወዝ አያለሁ እኮ። ብየደው።»

ጓደኛዬ እንደኔ ጊዜ ዱላ አቀበላቸው። እማማ ዱላውን ተቀብለው ለመምታት ሳይሆን ሊደገፉበት መሰላቸው፤ ቆሙ። መንገድ ዳር ቆሞ ሲያየን የነበረ አንድ ልጅ ግን ማንም ሳይነግረው ገብቶት እንጨት አነሣና ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ጎተተው። ድን፣ ድን፣ ድን፣ ድን፣ ድን። ከዚያ ወደኋላ። ውሻ ጮኸ። ሁለት ሌሎች ልጆች ከየት እንደመጡ ሳናውቅ መጡ።

እማማ ልጆቹን በእጃቸው ገለል አደረጉ። በዱላው ጫፍ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው መቱ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደገሙት።

«ይህቺ ወረድ ብላለች» አሉ።

ጓደኛዬ ስልኩን አወጣ፤ ድምፅ የሚለካ አፕ አለው። ሁለቴ ለካ። ወረድ ብላለች። ለካ አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ይህን የሰማነው ኋላ ነው።

«ጫፉን ትንሽ ብንሞርደው ከፍ ይላል» አለኝ ወደኔ ዞሮ፣ እኔ የጠየቅኩት ይመስል። ሞረዱን ከኪሱ አወጣ፣ በሩ ሥር ተንበረከከ። እማማ በላዩ ቆመው «ገና ነው... ገና... ጨምር» ይሉታል። ባጃጁ ጡሩምባ ነፋ፤ እኔ አዘዞ መድረስ አለብኝ።